ጆርጅ አዳምሰን፤ ሰው ሊያድን ሄዶ ያልተመለሰው የዱር ዘበኛ

ነሐሴ 14 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 1989) እሑድ ነበር። በምሥራቅ ኬንያ፣ በታና ወንዝ አጠገብ በሚገኘው የኮራ ደረቅ ምድር፣ በሽቦ በታጠረች አንዲት ካምፕ ውስጥ ፀጉሩም ፂሙም የነጣ የ83 ዓመት አዛውንት እንግዶች ይጠብቅ ነበር። ቦታው ከዋና መንገድ የራቀ በመሆኑ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በትንሽ አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ በካምፑ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ከካምፑ መኪና ይነሳና ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ወዳለው ማረፊያ ሜዳ ሄዶ እንግዶቹን ይቀበላል። የዚያን ዕለትም አንድ የካምፑ ሠራተኛና በእንግድነት የነበረች አንዲት ወጣት አውሮፓዊት በመኪና ወደ ሜዳው አመሩ። መንገድ ላይ የታጠቁ ሽፍቶች ጠበቋቸው።

የጥይቱ ድምፅ ካምፑ ድረስ ተሰማ። አዛውንቱ ጊዜ አላጠፋም፤ አሮጌ ላንድሮቨሩን አስነሳ፣ ሠራተኞቹም አብረውት ተሳፈሩ። ሽፍቶቹ ጋ ሲደርስ መኪናውን አላቆመም፣ ወደ ኋላም አልዞረም። ነዳጁን ረግጦ በቀጥታ ወደ ታጣቂዎቹ ነዳው። የተኩስ እሩምታ ተቀበለው። እሱና አብረውት ከነበሩት ሠራተኞች ሁለቱ እዚያው ሕይወታቸው አለፈ። ወጣቷ ግን ተረፈች።

ያ አዛውንት ጆርጅ አዳምሰን ነው። ዓለም የሚያውቀው “ቦርን ፍሪ” በተሰኘው መጽሐፍና ፊልም፣ ኤልሳ በተባለችው አንበሳ እና “ባባ ያ ሲምባ” (የአንበሶች አባት) በሚለው የስዋሂሊ ቅጽል ስሙ ነው። ይሁን እንጂ አዳምሰን ከዝናው በፊትም ሆነ በኋላ በሙያው አንድ ነገር ነበር፤ የዱር እንስሳት ጠባቂ። ዕድሜውን የጨረሰው በዚያ ሥራ ነው፣ የሞተውም በዚያው ሥራ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራ ያልበረከተለት ወጣት

ጆርጅ አዳምሰን የተወለደው በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1906 በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ህንድ፣ ኤታዋ በተባለች ከተማ ነው። ከታናሽ ወንድሙ ከቴረንስ ጋር ወደ እንግሊዝ ተልኮ በቼልተንሃም ትምህርቱን ተከታተለ። በ1924፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ አባቱ ወደ ጀመሩት የቡና እርሻ ወደ ኬንያ መጣ። የቡና እርሻ ግን አልሆነለትም።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረው ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ፍየል ነገደ፤ ወርቅ ተገኘ ሲባል ካካሜጋ ሄዶ ቆፈረ፤ አዳኝ ቱሪስቶችን እየመራ በየጫካው ዞረ። ከአንዱም ሀብት አላገኘም። ያገኘው ነገር ቢኖር ሌሎች ነጮች የሚሸሹትን የሰሜን ኬንያ በረሃ መውደድና በዚያ ያለ ውኃ፣ ያለ መንገድ መኖርን መልመድ ነበር። በ1938 የኬንያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሲቀጥረው ዕድሜው 32 ደርሶ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስማማው ሥራ አገኘ።

የሰሜኑ ድንበር ዋርደን

የተመደበበት ቦታ የሰሜን ድንበር አውራጃ የሚባለው ነው። ይህ ምድር ከኢሲዮሎ ከተማ ተነስቶ እስከ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ድንበር ድረስ ይዘልቃል። ቦረናው፣ ገብራው፣ ሶማሌው፣ ቱርካናውና ሳምቡሩው ከብቱንና ግመሉን እየነዳ የሚንቀሳቀስበት፣ ዝናብ ሲጠፋ ሰውም አውሬም በአንዲት የውኃ ጉድጓድ የሚገናኙበት አገር ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው ቦረናው ከድንበሩ በዚህም በዚያም ያለ አንድ ሕዝብ ነው። “ሽፍታ” የሚለው የእኛ ቃልም ድንበር ተሻግሮ በኬንያ የዕለት ተዕለት ቋንቋ ውስጥ የገባው በዚሁ አካባቢ በኩል ነው።

የዋርደን ሥራ ከሩቅ ሲታይ እንስሳትን መጠበቅ ብቻ ይመስላል። እውነቱ ግን ሁለት ጫፍ ያለው ሥራ ነው። በአንድ በኩል ዝሆንና አውራሪስ የሚገድሉ ሕገወጥ አዳኞችን ማሳደድ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ከብት የፈጀ፣ ሰው የበላ አንበሳ አለ ሲባል ሄዶ መግደልም የዚያው ሰው ግዴታ ነው። አዳምሰን ሁለቱንም አድርጓል። በኋላ የአንበሶች አባት የተባለው ሰው በዋርደንነት ዘመኑ መንደርተኛውን ለመታደግ ብዙ አንበሶችን በጥይት ጥሏል። በግመል፣ በአህያና በጭነት መኪና ሳምንታት የሚፈጅ ቅኝት ያደርግ ነበር። ከጎኑ የሚሄዱት ከአካባቢው አርብቶ አደሮች የተቀጠሩ ስካውቶች ናቸው፤ ዱካ የሚያነቡት፣ ውኃ ያለበትን የሚያውቁት፣ ከመንደሩ ሽማግሌ ጋር ተነጋግረው መረጃ የሚያመጡት እነሱ ነበሩ። ያለ እነሱ ዋርደኑ በዚያ ምድር አንድ ቀን መራመድ አይችልም ነበር።

በ1944 ጆይ የተባለችውን የኦስትሪያ ተወላጅ ሠዓሊ አገባ። ጆይ የአበቦችንና የኬንያ ብሔረሰቦችን ሥዕሎች በመሥራት የታወቀች፣ ጉልበተኛና ቁጡ ሴት ነበረች። እሱ ደግሞ ዝምተኛ፣ ፒፓውን እያጨሰ በረሃውን ማየት የሚበቃው ሰው ነበር። ትዳራቸው ሰላም የራቀው እንደነበረ የሚያውቋቸው ሁሉ መስክረዋል። ሁለቱን አስተሳስሮ ያቆየው አንድ አጋጣሚ ነው።

ኤልሳ

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1956 አዳምሰን ሰው በላ አንበሳ ፍለጋ ወጥቶ ሳለ አንዲት ሴት አንበሳ ከድንጋይ መሃል ተወርውራ መጣችበት። ተኩሶ ገደላት። ከዚያ በኋላ ነው ለምን እንደተቆጣች የገባው፤ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ገና በቅጡ ያልገለጡ ሦስት ሴት ደቦሎች ነበሯት። ደቦሎቹን ተሸክሞ ለጆይ ወሰደላት።

ሁለቱ ትልልቆቹ ሲጎረምሱ በሆላንድ ሮተርዳም ወደሚገኘው የእንስሳት ማቆያ ተላኩ። ትንሿ፣ ኤልሳ የተባለችው፣ ከባልና ሚስቱ ጋር ቀረች። ኑሩ የተባለ ሠራተኛና ማኬዴ የተባለ ቱርካና ስካውት ከኤልሳ ጋር ውለው የሚገቡ ጠባቂዎቿ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በሰው እጅ ያደገ አንበሳ ዕጣው የታወቀ ነበር፤ ወይ አጥር ውስጥ ይታሰራል፣ ወይ ይገደላል። አዳምሰኖች ሦስተኛ መንገድ ሞከሩ። ኤልሳን አድኖ መብላት አስተምረው በሜሩ አካባቢ ዱር ውስጥ ለቀቋት። ኤልሳ ከዱር አንበሳ ጋር ተገናኝታ በዲሴምበር 1959 ሦስት ደቦሎች ወለደች። ደቦሎቿንም ይዛ ወደ ካምፑ መጥታ አሳየቻቸው።

ጆይ ይህንን ታሪክ የጻፈችበት “ቦርን ፍሪ” በ1960 ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተነበበ። ኤልሳ ግን ዝናዋን ተከትሎ ብዙ አልቆየችም፤ በጃንዋሪ 1961 በመዥገር በሚተላለፍ በሽታ ሞተች። እናታቸውን ያጡት ደቦሎች የሰፈሩን ከብት መብላት ሲጀምሩ ተይዘው በታንዛኒያ ወደሚገኘው ሰረንጌቲ ተወሰዱ። አዳምሰንም የመንግሥት ሥራውን ለቆ ዕድሜውን ለአንበሶች ሰጠ። ከመጽሐፉ የተገኘው ገንዘብ በአብዛኛው በጆይ በኩል ለዱር እንስሳት ጥበቃ የዋለ ሲሆን፣ ባልየው የሚተዳደረው በጡረታ አበሉ ነበር።

የንጉሡ እጅ ያለበት ፊልም

መጽሐፉ በ1966 ፊልም ሆኖ ወጣ። ቨርጂኒያ ማኬና እና ባለቤቷ ቢል ትራቨርስ ጆይንና ጆርጅን ሆነው ተጫወቱ። ፊልሙ በሙዚቃው ሁለት የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል። የፊልሙ ሠሪዎች ለተደረገላቸው እገዛ ካመሰገኗቸው ሰዎች መካከል ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ አንዱ ነበሩ። አዳምሰን በቀረጻው ላይ የአንበሶቹ አማካሪ ሆኖ ሠርቷል።

ቀረጻው ሲያልቅ ግን ጥያቄ መጣ። እነዚህ አንበሶች ሥራቸውን ጨርሰዋልና ወዴት ይሂዱ? ብዙዎቹ ወደ እንስሳት ማቆያ ተላኩ። አዳምሰን ቦይ፣ ገርልና ኡጋስ የተባሉትን ይዞ በሜሩ ወደ ዱር ሊመልሳቸው ጀመረ። ማኬናና ትራቨርስም ከዚያ ልምድ ተነስተው በ1984 የእንስሳት ተሟጋች ድርጅት መሠረቱ፤ ይኸው ድርጅት በኋላ ቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን ተባለ። በእኛ አገር በሆለታ አቅራቢያ ከሕገወጥ ንግድና ከጠባብ ጎጆ የተወሰዱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች የሚያርፉበትን “እንሰሳ ኮቴ” የተሰኘ ማዕከል ያቋቋመውም ይኸው ድርጅት ነው። የኤልሳ ታሪክ በዚህ በኩል አዲስ አበባ ደጃፍ ደርሷል።

ኮራ፤ ሰው በአጥር፣ አንበሳ በነፃነት

በ1969 ቦይ የሜሩን ፓርክ ዋርደን ሕፃን ልጅ አቆሰለ። አዳምሰን ከሜሩ መልቀቅ ግድ ሆነበት። በ1970 እግሩ ተሰብሮ የታከመውን ቦይን ይዞ ማንም ወደማይፈልገው፣ ሙቀቱ ወደሚያቃጥለው ኮራ ሄደ። ወንድሙ ቴረንስ መንገድ ጠረገለት፣ ካምፑንም ሠራለት። “ካምፒ ያ ሲምባ” የተባለው ይህ ካምፕ አሠራሩ ከእንስሳት ማቆያ ተቃራኒ ነበር። በሽቦው ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው፤ አንበሶቹ ውጪ ናቸው።

ከለንደኑ ሃሮድስ መደብር በሁለት ወጣት አውስትራሊያውያን የተገዛው ክርስቲያን የተባለው አንበሳ የመጣው ወደዚህ ካምፕ ነው። በ1971 ወጣቶቹ ሊጠይቁት ሲመጡ አንበሳው አስታውሷቸው ሲያቅፋቸው የሚያሳየው ፊልም ከ37 ዓመታት በኋላ በኢንተርኔት ተሰራጭቶ በሚሊዮኖች ታይቷል።

ኮራ ግን የፍቅር ታሪክ ብቻ አልነበረም። በዚያው በ1971 ቦይ ስታንሊ የተባለውን የካምፑን ሠራተኛ ነክሶ ገደለው። አዳምሰን ድምፁን ሰምቶ ሲደርስ አንበሳውን ተኩሶ ጣለው፤ ስታንሊን ግን ሊያተርፈው አልቻለም። ለዓመታት ያሳደገውን፣ በየሄደበት ይዞት የዞረውን አንበሳ በገዛ እጁ ገደለ። በ1975 ደግሞ የቅርብ ረዳቱ እንግሊዛዊው ቶኒ ፊትዝጆን አንገቱ በአንበሳ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ሳለ አዳምሰን ደርሶ አንበሳውን አባረረለት። ፊትዝጆን ከዚያ ጉዳት ድኖ በጥበቃ ሥራ ላይ ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ኖሯል። በ1980 ቴረንስ ራሱ ፊቱን በአንበሳ ተነከሰ። መንግሥትም ከዚያ በኋላ ተጨማሪ አንበሶች ወደ ኮራ እንዳይመጡ ከለከለ።

ብዙ የሥነ እንስሳት ባለሙያዎች አዳምሰንን የሚተቹት በዚህ ነው። አንበሳ የሚድነው መኖሪያው ሲጠበቅ እንጂ አንድ በአንድ በእጅ በማሳደግ አይደለም ይላሉ። ሰውን የለመደ አንበሳ ሰው የማይፈራ አንበሳ እንደሆነም ያስጠነቅቃሉ። የስታንሊ ሞት ክርክራቸውን ያጠናክራል። አዳምሰንም አደጋውን አልካደም፤ ነገር ግን አንበሳን ዕድሜ ልኩን አጥር ውስጥ ማቆየት ለእሱ ከሞት የማይሻል ፍርድ ነበር። ክርክሩ አልተዘጋም። የማያከራክረው ነገር አዳምሰን በመኖሩ ብቻ ኮራ የተጠበቀ ምድር መሆኑ ነው። ቦታው በ1973 የእንስሳት ክልል ተብሎ ታውጆ ነበር፤ በተግባር ግን በዚያ ምድር ያለማቋረጥ የሚገኝ ጠባቂ እሱና ጥቂት ሠራተኞቹ ነበሩ።

የዝሆን ጥርስ ጦርነት

ጆይ በጃንዋሪ 1980 በሻባ ክልል ተገደለች። መጀመሪያ አንበሳ ገደላት ተብሎ ተወራ፤ ምርመራው ግን የሰው እጅ መሆኑን አሳየ፣ ፍርድ ቤትም ቀድሞ ያሰናበተችውን ሠራተኛ ጥፋተኛ አለው። ቴረንስም በ1986 ሞተ። አዳምሰን ከሠራተኞቹ ጋር ብቻውን ቀረ።

በዚያ ወቅት በኬንያ ዱር ውስጥ ጦርነት የሚባል ነገር ነበር። የዝሆን ጥርስ ዋጋ ሰማይ ነክቷል፤ አውቶማቲክ መሣሪያ የታጠቁ ቡድኖች በየፓርኩ ይንቀሳቀሳሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ160 ሺህ በላይ ይገመት የነበረው የኬንያ ዝሆን በ1989 ከ20 ሺህ በታች ወርዶ ነበር። ስካውቶች አሮጌ ጠመንጃ ይዘው ክላሽንኮቭ ይገጥማሉ። በዚያው ዓመት በጁላይ ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በአደባባይ አቃጠሉ። ለነጋዴውም ለሽፍታውም የተላለፈ መልእክት ነበር። ኮራ ግን ከናይሮቢ ሩቅ ነው።

አዳምሰን ከዚያ እንዲወጣ ወዳጆቹ በተደጋጋሚ መክረውታል። ዓይኑ ደክሟል፣ ጉልበቱ አልቋል፣ ሽፍቶች ካምፑ አጠገብ ያልፋሉ። እሱ ግን ከሄደ ማግስቱን ኮራ ባዶ እንደሚሆን፣ ከብቱም ሽፍታውም እንደሚሞላው ያውቅ ነበር። ቀረ። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ሠራተኞቹም አብረውት መቅረታቸው ነው። እነሱ መጽሐፍ አልጻፉም፣ ፊልም አልተሠራላቸውም፣ ከውጭ አገር የሚጎበኛቸው አድናቂ አልነበራቸውም። የሚያገኙት ትንሽ ደመወዝ ነበር። ያቺ እሑድ ጥይቱ ሲሰማ ላንድሮቨሩ ላይ ለመውጣት ያላመነቱት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ዋጋውና ዕውቅናው

አዳምሰን በኮራ፣ በወንድሙና በቦይ መቃብር አጠገብ ተቀበረ። በሕይወት ሳለ ያልተሳካለት ነገር ከሞተ በኋላ ተሳካ፤ ኮራ ብዙም ሳይቆይ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ወደ 1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ ምድር ከሜሩ ፓርክ ጋር የሚዋሰን ሰፊ የጥበቃ ቀጣና አካል ነው። ፊትዝጆን ደግሞ ወደ ታንዛኒያ ተሻግሮ የተራቆተውን የምኮማዚን ክልል መልሶ የማልማት ሥራ ጀመረ።

የአዳምሰን አሟሟት ዓለምን ያስደነገጠው ሰውየው ታዋቂ ስለነበረ ነው። በየዓመቱ ግን ስማቸው ከአገራቸው የማይወጣ ብዙ ጠባቂዎች እንዲሁ ይሞታሉ። በኮንጎው የቪሩንጋ ፓርክ እስከ ዛሬ ከ200 የሚበልጡ ጠባቂዎች ተገድለዋል፤ በኤፕሪል 2020 በአንድ ቀን ብቻ 12 ሬንጀሮች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እነዚህን ሰዎች ለማሰብ ዓለም አቀፉ የሬንጀሮች ፌዴሬሽን ከ2007 ጀምሮ ጁላይ 31ን የሬንጀሮች ቀን አድርጎ ያከብራል። አሜሪካኖች የሎውስቶን በ1880 በቀጠረው የመጀመሪያው ጠባቂያቸው በሃሪ ያውንት ስም የተሰየመ ሽልማት ለሬንጀሮች ይሰጣሉ። ሽልማት የሞተውን አያስነሳም። ሌሊት ብቻውን ለሚጠብቀው ሰው ግን የሚያየው እንዳለ ይነግረዋል።

በእኛም አገር በሰሜን ተራሮች ከጎብኚው ፊት ፊት የሚሄደው ጠመንጃ ያነገበ ስካውት፣ በባሌ ብርድ ቀይ ቀበሮን የሚከታተለው ሠራተኛ፣ በማጎና በኦሞ ሙቀት የሚቃኘው ጠባቂ የአዳምሰን የሙያ ወንድሞች ናቸው። ጎብኚው ተራራውን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ በፎቶው ጥግ የቆመውን ሰው ስም የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጎብኚ ታሞ፣ እግሩ ተሰብሮ ወይም ጭጋግ ውስጥ መንገድ ጠፍቶት ሲገኝ ግን መጀመሪያ የሚጠራው ያ ሰው ነው።

ጆርጅ አዳምሰን ሀብት ሳይኖረው ሞተ። የተወው ነገር በጥበቃ ሥር የዋለ ሰፊ ምድር፣ ወደ ዱር የተመለሱ አንበሶችና በሕይወት የተረፈች አንዲት ወጣት ናት። ከእሱ ጋር የወደቁት ሁለቱ ሠራተኞች የከፈሉት ዋጋ ከእሱ ያነሰ አይደለም። ስለዚህ የአንበሶቹ አባት ታሪክ ሲነሳ የእነሱም አብሮ ሊነሳ ይገባል።